ሦስተኛው ሳጥን

“እሱን ብሎን አትንካ! ከሞተሩ ጋር የመጣ ነው” አለ ዲዴሪክ፣ ከጀርባው ቆሞ።

ሩሎፍ ዞሮ አላየውም። ተንበርክኮ፣ ሞተር ብስክሌቱ ላይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የሚይዘውን እጀታ እየፈታ ነበር። ሁለተኛውን ብሎን አወጣና ወለሉ ላይ ወዳለው የቆርቆሮ ሳህን ወረወረው።

“ይሄ ካልወጣ ሳጥኖቹን የሚሸከመው ብረት የሚገባበት ቦታ የለም” አለ። “እዚያ ወንበር አለልዎት። ቡናም ማሽኑ ላይ አለ። ቢቀመጡ ይሻላል።”

“ቆሜ ባይ ይሻለኛል።”

“እንደፈለጉ።”

ሩሎፍ በዚህ ጋራዥ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንቱ ያለው ደንበኛ የለም። የሆላንዷ የአሰን ከተማ ሰው ሁሉ፣ ዳኛውም ቄሱም፣ ለእሱ አንተ ነው። ዲዴሪክን ግን ከአራት ዓመት በፊት፣ የሩሎፍ ሚስት ማርዮላይን ልብሷን ሰብስባ ወደዚህ ሰው ቤት ከገባችበት ሳምንት ጀምሮ አንቱ ይለዋል። አክብሮት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሥራው ለእሱ የታሰበ አልነበረም። ቀጠሮው የተያዘው በሌላው መካኒክ ስም ነው፤ ያ መካኒክ ደግሞ ትናንት ከብስክሌት ወድቆ የእጁ አንጓ ተሰበረ። የጋራዡ ባለቤት ያንቲን ጠዋት ወረቀቱን አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ፣ “ካልፈለግህ ደውዬ እሰርዘዋለሁ” ብላው ነበር። ሩሎፍ ወረቀቱን አነበበ። ሁለት የጎን ሳጥን፣ አንድ የላይ ሳጥን። ደንበኞቹ ወደ ኖርዌይ የሚሄዱ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይነሳሉ። “ይነሳሉ” የሚለው ላይ ዓይኑ ቆየ። ከሰውየው ኋላ የምትቀመጠው የገዛ ልጁ ኒንኬ ነበረች።

“እኔ እሠራዋለሁ” አለ።

አሁን ዲዴሪክ ያመጣውን ብረት ከሞተሩ ጎን ይዞ ለካው። ሁለት ቀዳዳዎች ገጠሙ፤ ሦስተኛው ጋ ብረቱ ከሞተሩ አካል በአንድ ጣት ያህል ርቆ ቀረ። ብረቱ ያገለገለ ነበር፤ በአንደኛው ጫፍ ቀለሙ ተፍቋል።

“ይሄ የሌላ ዓመት ሥሪት ነው። ከየት አመጡት?”

“ኢንተርኔት ላይ ነው የገዛሁት። ሻጩ ልክክ ብሎ ይገባል ብሎኛል።”

“ሻጩም እንደርስዎ ቤት አሻሻጭ ነው እንዴ?”

ከቢሮው መስኮት ጀርባ ያንቲን በአፍንጫዋ ሳቀች። ዲዴሪክ ፊቱ ቀላ፤ ግን እሱም ምላስ አላጣም።

“እኔ ቤት የገባ ሰው ተመልሶ ሲወጣ አይተህ ታውቃለህ?” አለ።

ሩሎፍ እጁ ላይ የነበረውን የብሎን ቁልፍ ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ቶርኖው ሄደ፤ ክፍተቱን የሚሞሉ ሁለት የብረት ቀለበቶች ቆርጦ ሲመለስ ሃያ ደቂቃ ያህል አልፎ ነበር።

ኒንኬ የመጣችው ያኔ ነው። የሞተር ልብሷን ለብሳ፣ የካሜራ ቦርሳዋን በደረቷ አንግታ፣ ረጅሙን የካሜራ ማቆሚያ በትከሻዋ ተሸክማ ገባች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከየካቲት ወዲህ ለአባቷ የስልክ መልእክት መልሳ አታውቅም።

የየካቲቱ ነገር ሩሎፍ ራሱ ያበላሸው ነበር። በልደቷ ቀን ዲዴሪክ አዲስ ሄልሜት ሰጣትና ስለ ጉዞው በእንግዳ ሁሉ ፊት አወጀ። ሩሎፍ ኬኩን እንደያዘ ብድግ ብሎ፣ “ልጅ ያሳደግኩት ይሄ ጅል እንዲገድላት አይደለም!” ብሎ ጮኸ። አያቶቿ ነበሩ። የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ነበሩ። ኒንኬ ሄልሜቱን አቅፋ ወደ ክፍሏ ገባችና ሰዉ እስኪሄድ አልወጣችም።

“አልጨረሳችሁም?” አለች አሁን፣ ለዲዴሪክ።

“አባትሽን ጠይቂው።”

“ሰላም ኒንኬ” አለ ሩሎፍ።

“ሰላም።” ወለሉን እያየች ነበር። “ይቆያል?”

“ግማሽ ሰዓት።”

ተመልሶ ተንበረከከ። ቀለበቶቹን በየቦታቸው አድርጎ የመጀመሪያውን ብሎን በእጁ አስገባ። ሁለተኛውን አስገባ። ሦስተኛው፣ ከጭስ ማውጫው ማርሚታ በላይ ያለው፣ ቀዳዳው ጠባብ ነበርና ብሎኑ ትንሽ አዘመመ። ሩሎፍ እጁን አቆመ። እንዳዘመመ በቁልፍ ቢያዞረው የሞተሩ አካል ላይ ያለው የብሎን ክር ይበላል። ክሩ ከተበላ ዛሬ የሚሆን ነገር የለም፤ ነገ ከጀርመን የሚነሳው የኖርዌይ መርከብ ያመልጣቸዋል፤ ዕቃው እስኪመጣ የዲዴሪክ የእረፍት ሳምንት ያልቃል። ጥፋቱም የብረቱ ሻጭ ይሆናል። አንድ ዙር ብቻ ነው። ቁልፉን ብሎኑ ራስ ላይ አሳረፈው።

ኒንኬ ከበላዩ ቆማ የካሜራ ማቆሚያዋን እግሮች በጨርቅ እያሰረች ነበር። ጫማዋ አጠገቡ ነው። የግራው ማሰሪያ ተፈትቷል።

“የጫማሽን ማሰሪያ እሰሪው” አላት። “ሰንሰለቱ ይይዘዋል።”

ጎንበስ አለችና አሰረች። ሩሎፍ ብሎኑን ወደ ኋላ አዙሮ አወጣው፤ ክሩን በጨርቅ ጠረገ፣ እንደገና ቀጥ አድርጎ በጣቱ አስገባው። ከዚያ ሁሉንም፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ በሚለው ቁልፍ፣ አንድ በአንድ አጠበቃቸው።

ሳጥኖቹ ተጭነው ሲያልቁ ሞተሩ ከኋላ ቁጭ አለ። የፊት ጎማው መሬቱን የነካ ያህል ብቻ ይመስል ነበር። ሩሎፍ በሁለት እጁ መሪውን ያዘና ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው፤ የላይኛው ሳጥን ዘግይቶ ተከተለው።

“እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?”

“አንተ የተከፈለህ ለመግጠም ነው” አለ ዲዴሪክ።

ሩሎፍ ሳጥኑን ነቅሎ በሁለት እጁ ተሸክሞ የፖስታ ጥቅል ወደሚመዘንበት ሚዛን ወሰደው። ሃያ ሁለት ኪሎ። ክዳኑን ከፍቶ ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ ነካ። ከስምንት ኪሎ በላይ አይጫን ይላል። በውስጡ የመፍቻ ሣጥን፣ የጉዞ ምድጃ፣ ስድስት ጠርሙስ ወይን፣ የኒንኬ ትልቁ ሌንስ ነበሩ። የካሜራ ማቆሚያው ደግሞ ከክዳኑ በላይ ሊታሰር ነው።

“የጎኖቹ ደህና ናቸው” አለ። “ግራና ቀኛቸው ተመጣጥኗል። ሁለታችሁ ከነልብሳችሁ፣ ከጎን ሳጥኖቹ ጋር፣ ሞተሩ ከሚችለው ሰባት ኪሎ ይቀራችኋል። ይሄኛው ሲጨመር አሥራ አምስት ኪሎ ታልፋላችሁ። ያውም ክብደቱ ከኋላ ጎማ ወዲያ ነው የሚንጠለጠለው። ፍጥነት ስትጨምሩ ሞተሩ ጅራቱን መቁላት ይጀምራል። ይሄ ሳጥን አይሄድም።”

ዲዴሪክ ሳቀ። “ጠብቄው ነበር። ማርዮላይንን ‘አንድ ነገር ሳያገኝ አይለቀንም’ ብያት ነበር።”

“ሚዛኑ ያውልዎት። ይዩት።”

“ሰው ሁሉ እንዲህ ጭኖ ነው የሚሄደው! በጋ በመጣ ቁጥር አውራ ጎዳናው ላይ የምናየው ምንድን ነው?”

“አባዬ፣ በቃ!” አለች ኒንኬ። “ሳጥኑ አይደለም። ለምን ሳጥኑ ነው ትላለህ? ሳጥን ባይኖር ጎማው ነበር፤ ጎማው ባይሆን ዝናቡ። እኔ ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የማስገባቸው ፎቶዎች የሚነሱት እዚያ ነው። ፏፏቴውን ያለ ማቆሚያ በምን ላንሳው? በእጄ?”

“ኒንኬ፣ ስሚኝ...”

“በልደቴም ሰምቼሃለሁ።”

ያንቲን ከቢሮዋ ወጣች። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ራሷ ወጣት ሳለች በሞተር ትወዳደር የነበረች ሴት ናት። ሩሎፍን በክርኑ ይዛ ወደ ጎማው መደርደሪያ ወሰደችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“እውነቱን ንገረኝ። ሞተሩ ነው ወይስ ሰውየው?”

ሩሎፍ አሰበ። “ሁለቱም።”

“ለይልኝ።”

“መለየት አቃተኝ። ለዚህ ነው መንገድ ላይ ልሞክረው የምፈልገው። እሱ ይንዳ፣ እኔ በእሷ ቦታ ልቀመጥ።”

ያንቲን አንዴ እሱን አንዴ ሞተሩን አየች። ከዚያ ጮክ ብላ፣ “ከጋራዤ ሳይሞከር የሚወጣ ሥራ የለም” አለች፣ ወደ ዲዴሪክ ዞራ። “አቶ ፎስ፣ መካኒኬን ከኋላ አድርገህ እስከ መጀመሪያው ማረፊያ ደርሰህ ትመለሳለህ። እምቢ ካልክ ሁሉንም ፈትቼ በካርቶን አስረክብሃለሁ።”

“እሱን? ከኋላዬ?”

“እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም” አለ ሩሎፍ።

ክብደቱ ከኒንኬ በሰባት ኪሎ ይበልጣል። ማጭበርበር እንዳይባል ከግራና ከቀኝ ሳጥን የመኝታ ከረጢቶችና የዲዴሪክን ቡት ጫማ አወጣ፤ በሚዛን ሰባት ኪሎ እስኪሆን ድረስ። ከዚያ የላይኛውን ሳጥን መልሶ ገጠመ፣ ሄልሜት አጠለቀና ከኋላ ወጣ። የሚይዘው እጀታ አልነበረም፤ ራሱ ፈትቶታል። ዲዴሪክ ጋዝ ሲሰጥ ሩሎፍ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጀርባው ከሳጥኑ ጋር ተላተመ። ምርጫ ስላልነበረው የሰውየውን ወገብ በሁለት እጁ ያዘ። የዲዴሪክ ጡንቻ በልብሱ ሥር ግትር ሲል ተሰማው።

በከተማው ውስጥ ምንም አልነበረም። ቦዩን ተከትለው፣ የባቡር ሐዲዱን ተሻግረው፣ ወደ ግሮኒንገን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ወጡ። ሰማንያ ላይ ደህና ነበር። ዘጠና ላይ ደህና ነበር። ዲዴሪክ በግራ እጁ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳየው። ሩሎፍ ለአንድ አፍታ ራሱን ተጠራጠረ። ምናልባት ልጁ እውነቷን ነው፤ ምናልባት ሳጥን ባይኖር ጎማ ይፈልግ ነበር።

ፊታቸው ሁለት የጭነት መኪናዎች ተከታትለው ይሄዱ ነበር። ዲዴሪክ ወደ ግራ ወጣና ጋዙን ጨመረ። መቶ አሥር። መቶ ሃያ። ከፊተኛው መኪና አፍንጫ ባለፉበት ቅጽበት ነፋሱ ከጎን መታቸው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ከኋላ ሳጥኑን ይዞ የነቀነቀው ያህል ነበር። ከዚያ መወዛወዙ አልቆመም። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ፤ እያንዳንዱ ካለፈው እየሰፋ። ሳጥኑ የሩሎፍን ጀርባ በየተራ በሁለቱም በኩል ይገፋዋል። መሪው በዲዴሪክ እጅ ውስጥ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የዲዴሪክ ቀኝ ጣቶች ወደ ፍሬኑ ሲዘረጉ ሩሎፍ በሰውየው ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ።

“ፍሬን አትያዝ!” ብሎ በጆሮው ጮኸ። “አትያዝ! ጋዙን ቀስ ብለህ ልቀቅ! ቀስ! እጅህን አላላ!”

ራሱ በሰውየው ጀርባ ላይ ተለጥፎ ወደ ፊት ተኛ፤ ክብደቱን ከኋላ ለማንሳት። ከጎናቸው የጭነት መኪናው ጎማዎች ክንድ ያህል ርቀው ይሽከረከሩ ነበር። መቶ። ዘጠና። ሰማንያ ላይ መወዛወዙ እንደ ጀመረ በድንገት ተወ። መኪናው ጥሩንባውን እያስጮኸ አለፋቸው።

ማረፊያው ሁለት ኪሎ ሜትር ይቀር ነበር። በስልሳ ሄዱ። ዲዴሪክ ሞተሩን ካቆመ በኋላ መውረድ አቃተው፤ መሪውን እንደያዘ ተቀምጦ ቀረ። ሩሎፍ ወረደና የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አጠገባቸው ጀርመናውያን ባልና ሚስት ከመኪናቸው ጀርባ ዳቦ በቺዝ ይበሉ ነበር።

“ነፋስ ነው” አለ ዲዴሪክ በመጨረሻ።

“ነፋስ ነው። ነገ ጀርመን ውስጥ በመቶ ሠላሳ ስትሄድም ነፋስ ይኖራል። ያኔ ከኋላህ የምትጮህልህ እሷ ናት። ጀርባህን ይዛ ‘ዲዴሪክ’ ከማለት ውጪ ምን ታውቃለች?”

ዲዴሪክ ሄልሜቱን አወለቀ። ከንፈሩ ነጭ ነበር። “እንዳትነግራት” አለ።

“ምኑን?”

“ይሄን። መቆጣጠር እንዳቃተኝ። ከነገርካት ሁለተኛ ከኋላዬ አትወጣም። ሁለት ዓመት ነው እኔን ለማመን የፈጀባት፤ ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ። እኔን ለመተው የፈጀባትም ያንኑ ያህል ነው።”

“ደግሞም ብትነግራት አታምንህም” አለ ዲዴሪክ። አሁን ድምጹ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነበር። “እኔ ምንም አልሆነም እላለሁ፤ አንተ ሆኗል ትላለህ። ማንን የምታምን ይመስልሃል? ሳጥኑንም ጭኜ እሄዳለሁ፣ ‘ማቆሚያዬን አገኘሁ’ ብላም ትስመኛለች።”

ሩሎፍ ተነስቶ ኮሌታውን ሊይዘው ሁለት እርምጃ ሄደ። ጀርመናዊቷ ዳቦዋን ይዛ ቀና አለች። ሩሎፍ ቆመ። ሰውየው የተናገረው እውነት ነበር፤ ያ ነው ያናደደው። ኒንኬ አታምነውም። በየካቲት አንድ ጊዜ ጮኾ ጨርሶታል።

“እሺ” አለ። “ስማኝ። ሳጥኑ እኔ ጋ ይቀራል፤ ወይኑም ምድጃውም መፍቻውም ከነሳጥኑ። ሌንሷን ከመኝታ ከረጢቷ ጋር ጠቅልለህ ቀኝ ሳጥን ውስጥ ታስገባለህ። ከመቶ አሥር በላይ አትነዳም። ይህን ካደረግህ ምንም አላየሁም።”

“እሷስ ስትጠይቅ?”

“የፈለግኸውን በላት። ሩሎፍ እምቢ አለ በላት።”

ዲዴሪክ አየው። መጀመሪያ ያልገባው መሰለ፤ ከዚያ ገባውና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። አላመሰገነም። ሩሎፍም ምስጋናውን አልጠበቀም።

በአሮጌው የገጠር መንገድ በሰባ ተመለሱ።

ኒንኬ ሄልሜቷን በክንዷ አንጠልጥላ በር ላይ ትጠብቃቸው ነበር። “አንድ ሰዓት ሊሞላችሁ ነው! እና? ደህና ነው?”

“የላይኛው ሳጥን ይቀራል” አለ ዲዴሪክ፣ ጓንቱን እያወለቀ። “አባትሽ አልለቅም አለ። መርከቡ እንዳያመልጠን ብዬ ተውኩለት።”

“የካሜራ ማቆሚያዬስ?”

“ሌንሱ ይሄዳል። ማቆሚያው የሚታሰርበት ስለሌለ ይቀራል። ድንጋይ ላይ እናስደግፈዋለን፣ የሆነ መላ አይጠፋም።”

ኒንኬ ወደ አባቷ ዞረች። ሩሎፍ የሄልሜቱን ማሰሪያ ለመፍታት እየሞከረ ነበር፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ያንቲን ከቢሮው በር ሆና ጣቶቹን ታያቸዋለች።

“ሞተሩ ተወዛወዘ?” አለች ኒንኬ። “አንተ እንዳልከው ሆነ? እውነቱን ንገረኝ፣ እኔ ነኝ የምሄድበት።”

ዲዴሪክ ቀኙን ሳጥን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ሩሎፍ ማሰሪያውን ፈታ።

“አልተወዛወዘም” አለ።

“ታዲያ ለምን?”

“ስላልፈለግኩ።”

“ስላልፈለግህ።” ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ውኃ ሞላ፤ ግን አላለቀሰችም። “እማዬ ‘ከአባትሽ ጋር መኖር እንዲህ ነው’ ስትለኝ ሁልጊዜ ላንተ ነበር የምከራከረው። ሁልጊዜ!”

ያንቲን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣች፤ አፏን ከፈተች። ሩሎፍ ዓይን ለዓይን አያትና በጭንቅላቱ ብቻ “ተይ” አላት። ያንቲን አፏን ዘጋች፤ ተመልሳ ወደ ቢሮዋ ገባችና በሩን ከሚገባው በላይ በኃይል ዘጋችው።

ሩሎፍ ቁልፉን አንስቶ የመሸከሚያውን ብሎኖች እንደገና አንድ በአንድ ሞከራቸው። ሁሉም ቀጭ አሉ። የኋላውን ሞላ ለቀለለው ጭነት አስተካከለ። የመኝታ ከረጢቶቹ፣ ቡት ጫማውና ሌንሱ ከገቡ በኋላ የሁለቱን ሳጥኖች መቆለፊያ ጎትቶ አረጋገጠ። የላይኛው ሳጥን ወለሉ ላይ ነበር፤ የካሜራ ማቆሚያው ከነጨርቁ አጠገቡ ተጋድሟል።

ዲዴሪክ ሞተሩን አስነሳ። ኒንኬ ከኋላ ወጥታ ወገቡን ያዘች። ሊንቀሳቀሱ ሲሉ በሄልሜቷ መስኮት በኩል አባቷን አየችው።

“አሁን ደስ አለህ?”

ሩሎፍ አንገቱን አዘንብሎ ከጀርባዋ ያለውን ባዶ ቦታ አየ።

“አዎ፣ ደስ ብሎኛል” አለና የሄልሜቷን መስኮት እንድትዘጋው በእጁ አሳያት።